40 ሺህ ብር ይዤ ከሁለት ቤዝ ጊታር አንዱን እንዴት እንደመረጥኩ

ቤዝ ጊታር ልትገዙ አስባችሁ ኪሳችሁ ግን ብዙም ማያፈናፍን ከሆነ ይቺን አንብቧት፣ ትንሽ ረዘም ትላለች። እኔ ደሴ ነኝ፣ ሰርግና አንዳንድ ፕሮግራም ምንሰራ ትንሽ ባንድ አለችን፣ ኪቦርድ፣ ድራም፣ ሊድ ጊታር፣ ሲገኝ ደሞ ማሲንቆ። ቤዙን ሁሌ ኪቦርዲስታችን ነበር በግራ እጁ ሚሸፍነው፣ እሱም ሰለቸው፣ ድራመሩም ዘፈን ባለቀ ቁጥር መነጫነጭ ጀመረ፣ እኔ ደሞ ሪትም ጊታር እነካካ ስለነበር ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ወደቀ። እቁብ ሲወጣልኝ 40 ሺህ ብር ለዚህ ብዬ ለየሁ። ከዛ በላይ አምስት ሳንቲም የለም፣ ቤት ኪራይ አለ፣ ልጅ አለ፣ ባለቤቴም "ለእንጨት ነው ይሄ ሁሉ ብር?" ብላ አንዴ ጠይቃኛለች፣ ሁለተኛ እንድትጠይቀኝ አልፈልግም።

40 ሺህ ብዙ ይመስላል አይደል? ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ግን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ፣ ቤዝ ጊታር ደሞ እንደ ማሲንቆ እዚሁ ሚጠረብ ነገር አይደለም፣ እንጨቱም ክሩም ብሎኑም ከውጭ ነው። ስለዚህ አዲስ ሚባለውን ገና ከጅምሩ ተውኩት። ያገለገለ ፍለጋ ቴሌግራም ላይ፣ ሙዚቀኛ ጋር፣ ዲጄዎች ጋር ሳጠያይቅ ቆየሁና መጨረሻ ላይ ሁለት ቀሩኝ።

አንዷ ኮምቦልቻ ናት፣ ስኩዋየር አፊኒቲ ጃዝ ቤዝ፣ ወንድሙ ከውጭ ሲመጣ ያመጣለት አንድ ልጅ ጋር፣ 34 ሺህ ብሎ ጠራ። ሌላዋ አዲስ አበባ ናት፣ አይባኔዝ ጂኤስአር 200፣ በጣም ንፁህ፣ 41 ሺህ፣ "ከተስማማን ትንሽ እቀንሳለሁ"። ሁለቱም ባለ 4 ክር ናቸው፣ የሁለቱም የክር ርዝመት 34 ኢንች ነው፣ 86 ሳንቲሜትር ከምናምን ማለት ነው፣ እና ከሩቅ ላያቸው ሰው ልዩነታቸው ቀለም ብቻ ነው ሚመስለው።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ስኩዋየር ማለት የአሜሪካው ጊታር ሰሪ የፌንደር ርካሹ ስም ነው፣ ጃዝ ቤዝ ሚባለውን ሞዴል ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1960 ነው ያወጣው፣ ከሱ በፊት በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ ነበር። ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለት ቀጫጭን ባለ ነጠላ የሽቦ ጥቅል ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ሚይዘው ማግኔት) አሉ፣ አንዱ ወደ ብሪጁ (ክሩ ታች ሚያርፍበት ብረት)፣ አንዱ ወደ ኔኩ (ረጅሙ አንገት)፣ ሦስት ቁልፍ፣ ሁለቱ ቮልዩም አንዱ ቶን፣ በቃ። ባትሪ የለ፣ ምን የለ። አይባኔዟ ደሞ ኔኩ ጋ እንደ ፕሪሲዥኑ ለሁለት የተከፈለ ፒካፕ፣ ብሪጁ ጋ የጃዝ ዓይነት፣ በዛ ላይ በ9 ቮልት ባትሪ ሚሰራ የቤዝ መጨመሪያ ቁልፍ አላት። ሻጩ "አክቲቭ ነው ወንድሜ፣ አክቲቭ!" እያለ ነው ሚያወራው፣ ማዕረግ ነው ያስመሰለው። እውነቱን ልንገራችሁና እኔም መጀመሪያ ልቤ ወደዛ ነበር፣ ቤዝ ምገዛው ቤዝ እንዲኖረው ነው፣ ቤዝ ምትጨምር ቁልፍ ያላት ደሞ የተሻለች ናት፣ ቀላል ሒሳብ።

ከዛ አንድ ጋሼ አሉ፣ ስማቸውን አልጠራም እንጂ እዚህ ደሴ የድሮ ሙዚቀኛ ብትጠይቁ ያውቋቸዋል፣ በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ ቤዝ ይጫወቱ የነበሩ። ቧንቧ ውሃ ሚባለው ሰፈር አግኝቻቸው ሁለቱንም ፎቶ አሳየኋቸው፣ ስልኬን ወስደው አላዩትም እንኳን። "ለመሆኑ ምን ላይ ነው ምትሰካው?" አሉኝ። ሞንታርቦ ላይ ነዋ ጋሼ አልኳቸው፣ በሚክሰር። "ስንት ኢንች?" 12 ኢንች። "እህህ" አሉና ሳቁ፣ "ታዲያ ምኑን ነው ምትጨምረው ልጄ?"

በኋላ ቤት ገብቼ ሳስበው ትክክል ናቸው። ምን መሰላችሁ፣ የቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ኢ ምንለው፣ ክፍቱን ሲመታ 41 ሄርዝ ነው፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ 98። ሰርግ ላይ ምንከራየው ባለ 12 ኢንች ሞንታርቦ 60 ሄርዝ አካባቢ ሲደርስ እጅ ይሰጣል፣ ከዛ በታች ያለውን አያወጣውም፣ ሳብውፈር ያለው ደሞ የትልልቁ ባንድ ነው። ታዲያ ለምን ኢ ይሰማል ካላችሁ፣ ክሩ 41 ብቻ አይደለም ሚያወጣው፣ እጥፉንም 82፣ ከዛ 123፣ ከዛም በላይ አብሮ ያወጣል፣ ጆሯችን እነዛን ይይዝና የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ትንሽ ስፒከር ላይ ቤዝ እንዲሰማ ከፈለጋችሁ መጨመር ያለባችሁ የታችኛውን ሳይሆን መሀለኛውን ነው። የታችኛውን ስትጨምሩ አምፕሊፋየሩ ጉልበቱን በማይሰማ ነገር ላይ ይጨርሳል፣ ስፒከሩ ይንቀጠቀጣል፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሚሰማው "ቡ ቡ ቡ" ነው፣ የትኛውን ኖታ እንደተመታ ማንም አያውቅም፣ ዘፋኟም ጭምር።

የድሮ ካሴት ላይ የሮሃ ባንዱን ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮን ስሙት፣ በትንሿ ቴፕ ስፒከር እንኳን ቤዙ የት እንዳለ፣ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይሰማችኋል፣ ወፍራም ስለሆነ ሳይሆን ጥርት ስላለ ነው። ጃዝ ቤዝ ደሞ ዋናው ችሎታው እሱ ነው፣ የብሪጁ ፒካፕ መሀለኛውን ያወጣዋል፣ ትንሽ እንደማጉረምረም ያለች ድምፅ አለችው፣ ከማሲንቆም ከኪቦርዱም ጋ አትጋጭም።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ ሚዛኑ ዞረ። ግን ገና አልጨረስኩም፣ ጃዝ ቤዝ አንድ የታወቀች አመል አለችው፣ ባለ ነጠላ ጥቅል ፒካፕ ስለሆነ ይጮሃል። የመብራቱን 50 ሄርዝ ይይዝና "ህምምም" ይላል። እና የኛን መብራት ታውቃላችሁ። ብዙ ቤት ኧርዝ (ወደ መሬት ሚወርድ መስመር) የለውም፣ ድንኳን ውስጥ ከሆነ ደሞ ከጎረቤት በተቀጠለ ገመድ ነው ወይ በጀነሬተር፣ ዙሪያውን ቦግ ጥፍት ሚል ዲኮር መብራት አለ፣ ማይኩ ከንፈር ሚነዝርበት ሰርግ ሰርተናል። (በነገራችን ላይ ማይኩ ከነዘራችሁ ጊታሩን ይዛችሁ ማይክ አትንኩ፣ ክሩ ከግራውንዱ ጋር የተያያዘ ነው፣ ቀልድ አይደለም፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ መስመሩን አስተካክሉ።) በዚህ በኩል አይባኔዟ ትሻላለች፣ ለሁለት የተከፈለው ፒካፕ ሁለቱ ግማሾቹ ጩኸቱን እርስ በርስ ያጠፋፉታል፣ እሱን ብቻ ከፍታችሁ ከተጫወታችሁ ፀጥ ነው።

ጃዝ ቤዝ ላይስ? እሱም ላይ መፍትሄ አለ፣ ሁለቱ ፒካፖች ተቃራኒ ሆነው ነው ሚጠቀለሉት፣ ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ከከፈታችሁ ጩኸቱ ይጠፋል፣ አንዱን ትንሽ ዝቅ ስታደርጉት ነው ተመልሶ ሚመጣው። ማለትም ሰርግ ላይ ሁለቱንም ሙሉ ከፍቼ ቶኗን ብቻ ነው ማስተካክለው ብላችሁ ከወሰናችሁ ችግሩ ግማሽ በግማሽ የለም። እኔ የወሰንኩት እንደዛ ነው፣ አሁንም እንደዛ ነው ምጫወተው፣ ብሪጁን ብቻ ከፍቼ ምጫወተው ቤት ውስጥ ለራሴ ስዝናና ነው።

ባትሪውን ደሞ እናምጣው። አክቲቭ ጊታር (ባትሪ ያለው ማለት ነው) ኬብሉ ጃኩ ላይ ከተሰካ ባትሪው እየሰራ ነው፣ ሳትነቅሉ ከተዋችሁት ዝም ብሎ ይበላል። ዘጠኝ ቮልቷ፣ ያቺ አራት ማዕዘኗ፣ ደሴ አትገኝም አልልም፣ ግን የሰርግ ቀን ማታ ወይ ገጠር ሰርግ ሄዳችሁ ኩታበር ወይ ተንታ መንገድ ላይ ሆናችሁ ብትሞትስ? ባትሪው ሲደክም ድምፁ መሰነጣጠቅ ይጀምራል፣ ብዙዎቹ ላይም ጨርሶ ይጠፋል። ትርፍ ባትሪ መያዝ ነው መፍትሄው፣ ይሄ ትልቅ ነገር አይደለም ለማለት እችላለሁ፣ ግን ሲበላሽስ? የጃዝ ቤዙን ሆድ ብትከፍቱት ያለው ሽቦ፣ ሦስት ቁልፍ፣ አንድ ካፓሲተር ነው፣ ቴሌቪዥን ሚሰራ ማንኛውም ልጅ ያያይዘዋል። የአክቲቩን ቦርድ ግን መለዋወጫውን ከየት ታመጣዋለህ?

አሁን ወደ ኔክ። ይሄኛውን ነገር ፈረንጆቹ ቪዲዮ ላይ አታገኙትም፣ የኛ ጉዳይ ነው። ወሎ ውስጥ ቤዝ ምትጫወቱ ከሆነ አምባሰልና አንቺሆዬ እንጀራችሁ ናቸው። አምባሰልን ከኢ ብትጀምሩት ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው፣ ኢ እና ኤ ክፍት ክር፣ ኤፍ አንደኛ ፍሬት (ፍሬት ማለት ኔኩ ላይ በብረት መስመር ሚለየው መጫኛ ነው)፣ ቢ ሁለተኛ፣ ሲ ሦስተኛ። አንቺሆዬ ከኢ ደሞ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ። እነዚያኑ የአምባሰል አምስት ኖታዎች ከኤ ጀምራችሁ ብትመቷቸው ትዝታ ማይነር ይሆናሉ። ምን ማለቴ ነው፣ አምባሰልም አንቺሆዬም ከመነሻቸው ግማሽ እርምጃ ሽቅብ ነው ሚሄዱት፣ ያ ማለት አንደኛ ፍሬት ላይ ያለችውን ኤፍ ሌሊቱን ሙሉ ነው ምትመቷት። አንደኛ ፍሬት ደሞ የቤዝ ሰፊው ፍሬት ነው፣ አምስት ሳንቲሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው ሚቀረው፣ እና ጭንቅላቱ ጋ ክሩ ሚያርፍበት ነቱ ከፍ ብሎ የተሰራ ከሆነ ኤፍን ስትጫኑ ክሩ ይወጠርና ኖታው ወደ ላይ ይሸሻል። ሮክ ሚጫወት ሰው ላያስተውለው ይችላል። አንቺሆዬ ላይ ግን ማሲንቆው አጠገባችሁ ቆሞ እያለ ኤፏ ትንሽ ከወጣች ሰው ምክንያቱን ባያውቅም ፊቱን ያጨማድዳል።

ስለዚህ ማንኛውንም ቤዝ ስታዩ ስልካችሁ ላይ መቃኛ አፕ ጫኑ፣ ክፍት ኢን በደንብ ቃኙ፣ ከዛ አንደኛ ፍሬት ላይ ኤፍን እንደወትሯችሁ ተጭናችሁ ምቱ። አፑ ከመሀል ብዙ ወደ ቀኝ ከሄደ ነቱ ይሞረዳል ማለት ነው፣ ዋጋው ላይ አስታውሱት። ቀጥሎ 12ኛ ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫኑ ነካ ብቻ አድርጋችሁ ስትመቱት ሚወጣውን) እና የተጫኑትን ኖታ አወዳድሩ፣ እኩል ካልሆኑ ግን አትደንግጡ፣ ብሪጁ ላይ ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ በማዞር ይስተካከላል።

ስፋቱን በተመለከተ ጃዝ ቤዙ ነቱ ጋ 38 ሚሊሜትር ነው፣ አይባኔዟ 41። ሦስት ሚሊሜትር ምን ታመጣለች ብዬ ነበር፣ ታመጣለች። ከጊታር ለመጣ እጅ፣ ጣቱም እንደኔ አጭር ለሆነ፣ ጠባቧ ቶሎ ትለመዳለች። አይባኔዟም ግን ኔኳ ከጀርባ ቀጠን ያለ ነው ይባላል፣ ቦዲዋም ቀለል ያለ ነው፣ እና እጁ ትልቅ የሆነ ሰው ሌላ ሊል ይችላል።

እንግዲህ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ልጁ ጨዋ ነው፣ እናቱ ደሞ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ቡና አቀራርበው ጠበቁኝ፣ "አብሽር ልጄ፣ ቡና ሳይጠጣማ ገበያ የለም" አሉኝ። (ምክር፣ ዋጋ መከራከር ካሰባችሁ ከሦስተኛው ስኒ በፊት ተከራከሩ፣ በረካውን ከጠጣችሁ በኋላ አፍ አይከፈትም።) ጊታሩን አወጣው፣ አምፕሊፋየር ልንሰካ ስንል መብራት ሄደ። በቃ ሄደ። ልጁ ደነገጠ፣ እኔ ግን እንደውም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ቤዝን ያለ መብራት ስትሰሙት ነው ምንም ማይደብቅባችሁ። የጊታሩን የላይኛውን ቀንድ ጆሯችሁ ስር መንጋጋችሁ ላይ ተጭናችሁ ክሩን ምቱት፣ በአጥንት በኩል ቁልጭ ብሎ ይሰማል። እንዲህ አድርጌ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት አንድ በአንድ መታሁት፣ 20 ፍሬት ነው ያለው፣ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፣ ሚንጫጫ ፍሬት አለ ወይ፣ ቶሎ ሚሞት ኖታ አለ ወይ። ጂ ክር ላይ ከ5ኛ እስከ 7ኛ ፍሬት መሀል አንዷ ኖታ ከሌሎቹ ቀድማ ጭጭ ትላለች፣ ይሄ ብዙ ቤዞች ላይ ያለ የእንጨቱ ነገር ስለሆነ አልተከራከርኩበትም።

ኔኩን ለማየት ደሞ የኢ ክርን አንደኛ ፍሬትና መጨረሻ ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጫኑት፣ ክሩ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይሆንላችኋል፣ ከዛ 7ኛ ወይ 8ኛ ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መሀል ያለውን ክፍተት እዩ። የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ካለው ሸጋ ነው። የዚህኛው ካርዱን አጣጥፌ እንኳን ገባ፣ ኔኩ ወደ ፊት ጎብጧል፣ ልጁ ሳይጫወትበት ሙሉ ቅኝት ላይ እንዳለ ለረጅም ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ነው። ኔኩ ውስጥ ያለውን ዘንግ በአለንኪ ማዞር ያስተካክለዋል፣ ግን መጀመሪያ ብሎኑ ሚዞር መሆኑን አረጋግጡ፣ ብሎኑ ካለቀ ወይ ከተበላ ያንን ጊታር በነፃ ቢሰጧችሁም ሁለቴ አስቡ። አዞርኩት፣ ዞረ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

መብራቱ ሲመጣ ሰክተን ቁልፎቹን አዟዟርን፣ አንዱ ቮልዩም ይንኮሻኮሻል፣ አቧራ ነው፣ ኮንታክት ክሊነር ተነፍቶበት ወዲያና ወዲህ ሲዞር ይለቃል። እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ለልጁ አሳየሁት፣ ሳልዋሽ፣ ሳላጋንን፣ ኔኩ ይሄ አለው፣ ቁልፉ ይሄ አለው፣ ክሩ ዝጓል። "ወላሂ እኔ ይሄን አላውቅም ነበር" አለ። 29 ሺህ ላይ ተስማማን። በቴሌብር ላኩለት፣ እሱም ከነሰሪያል ቁጥሩ የሽያጭ ወረቀት ፅፎ ሰጠኝ፣ ይሄን አትርሱ፣ ነገ ሌላ ሰው የኔ ነው ቢል ሚከላከላችሁ እሷ ወረቀት ናት።

አይባኔዟን ለምን ጨርሼ እንደተውኳት ልንገራችሁ፣ መጥፎ ስለሆነች አይደለም። ሻጩ ቪዲዮ ልኮልኝ ነበር፣ በስልክ ማይክ የተቀዳ፣ በስልክ ስፒከር ምሰማው፣ ከዛ ስለ ቤዝ ምንም አይታወቅም። ኔኩን ከጎን፣ ፍሬቶቹን ከቅርብ፣ የባትሪውን ቤት ከፍቶ ፎቶ እንዲልክልኝ ጠየቅኩት፣ የባትሪውን ቤት ምጠይቀው ባትሪ አፍስሶበት ከሆነ እዛ ስለሚታወቅ ነው፣ የላከልኝ ግን ሶፋ ላይ ያጋደማትን ያንኑ ፎቶ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ ሄጄ ልይልህ አለ፣ ጊታር ይዞ ማያውቅ ሰው ምን ያይልኛል። 400 ኪሎሜትር በአውቶቡስ ደሞ፣ ጭንቅላቷ ሊሰበር ሚችል ነገር ነው፣ ሻንጣ ሆድ ውስጥ ስር ገብታ ጤፍ ቢጫንባትስ? እና ይሄ ሁሉ ተደርጎ ብሩ ያልቃል፣ ኬብል የለ ክር የለ።

የኔ ግን 11 ሺህ ተረፈኝ። በዚህ ብር ነው ጊታሩ ጊታር የሆነው ማለት እችላለሁ። አዲስ ክር፣ ከ45 እስከ 105 ሚባለው ውፍረት፣ አዲስ አበባ ካለ ሱቅ በሰው አስመጣሁ፣ ደሴ የጊታር ክር እንጂ የቤዝ ሁልጊዜ አይገኝም። ጠንካራ ኬብል፣ ሰፋ ያለ ማንጠልጠያ (ቤዝ አራት ኪሎ ገደማ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ትከሻ ላይ ነው፣ ቀጭኑ ማንጠልጠያ ይቆርጣል)፣ ወፈር ያለ ቦርሳ። ሬዲዮ ሚጠግን ወዳጄ ሆዱን ከፍቶ ቮልዩሙን አፀዳልኝ፣ የፒካፖቹን ጉድጓድና የቁልፎቹን ቤት ደሞ የወጥ ቤት ፎይል አለበሰልኝ፣ ፎይሉ ከግራውንዱ ጋ መነካካት አለበት፣ ከጃኩ ጫፍ ጋ ደሞ ጭራሽ መነካካት የለበትም፣ አለበለዚያ ድምፅ የለም። ጩኸቱ ጨርሶ አልጠፋም ግን ቀነሰ፣ ሰርግ ላይ ማንም አይሰማውም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፣ ደሴ ብርድ ናት፣ ሐረጎን እንደወጣችሁ አየሩ ይለወጣል፣ እንጨት ደሞ ይሄን ያውቃል። ጊታሩን ቤት እንዳስገባችሁ አለንኪ ይዛችሁ አትሩጡ፣ ሁለት ሦስት ቀን ክፍሉ ውስጥ ይክረምና አዲሱን ክር አስራችሁ ቃኝታችሁ ከዛ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፣ ጠብቁ፣ እዩ፣ ካነሰ ሌላ ሩብ። በአንዴ ሙሉ ዙር ሚያዞር ሰው አይቻለሁ፣ ዘንጉ ውስጥ ለውስጥ ሲንቋቋ አብሬው ነበርኩ። ክፍተቱ ከተስተካከለ በኋላ 12ኛ ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል አካባቢ ቢሆን ለኛ ዓይነት ጨዋታ ይበቃል፣ በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ይንጫጫል፣ ጭፈራው ሲሞቅ ደሞ ጠንከር አድርጎ ማይመታ ማን አለ።

አሮጌውን ክር አልጣልኩትም። ውሃ ውስጥ አስር ደቂቃ ቀቅሎ፣ በደንብ ደርቆ ሲታሰር ቆሻሻው ይለቅና ለትንሽ ጊዜ ድምፁ ይመለሳል፣ ለመጠባበቂያ ይሆናል። እናቴ ድስቷ ውስጥ ሽቦ ሲንተከተክ አይታ "ይሄ ደሞ ምን ጉድ ነው፣ ለራት ነው?" ብላኛለች፣ የራሳችሁን ድስት ተጠቀሙ።

የቤት አምፕሊፋየር ግን አልገዛሁም፣ ብሩ አይበቃም። ልምምድ ምሰራው የጊታሩን ጭንቅላት ቁም ሳጥኑ በር ላይ አስደግፌ ነው፣ በሩ ይንቀጠቀጥና ድምፁን ያወጣዋል፣ ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ነው፣ ልጄም ከእንቅልፉ አይነሳም። ጭንቅላቱን በጨርቅ ጠቅልሉት ብቻ፣ ቫርኒሹ እንዳይጫር።

አይባኔዟን ማን ይግዛ ካላችሁ፣ አዲስ አበባ ያላችሁና ሄዳችሁ ነክታችሁ ምታዩ፣ ቤታችሁ ጥሩ የቤዝ አምፕሊፋየር ያላችሁ ወይ ስቱዲዮ ምትቀዱ፣ በመብራት ጩኸት ምትሰቃዩ፣ ጣታችሁም ረዘም ያለ ከሆነ ወላ ሳታስቡ ግዟት፣ 22 ፍሬት ስላላትም ላይ ወጥታችሁ ምትጫወቱ ከሆነ ይጠቅማችኋል። ቤዝ መጨመሪያዋን ግን ሞንታርቦ ላይ ዜሮ አድርጓት፣ መጀመሪያ ሚክሰሩ ላይ ያለውን መሀለኛ ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ሎውን (የታችኛውን) ትንሽ ቀንሱ፣ ከዛ ድራመራችሁን ከድንኳኑ መግቢያ ጋ ቆሞ እንዲሰማላችሁ አድርጉ፣ መድረክ ላይ ሆናችሁ ምትሰሙትና እዛ ሚሰማው አንድ አይደለም።